ከሰል ቆፋሪው የአያት አያት፦ የድሃ ስኮትላንዳዊ ታሪክ እንዴት ይፈለጋል

ባለቤቴ ግላስጎው ተወልዶ ያደገ ስኮትላንዳዊ ነው። ልጆቻችን በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አባቴ ናቸው በስልክ ያስጠኗቸው። በአባታቸው በኩል ግን አያት ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። የአያቱ አያት ማን እንደነበር ባለቤቴን ስጠይቀው የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፦ "ስሙ እንደ እኔው ነው። ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዘራችን ከሃይላንድ ነው።" ሃይላንድ የሚሉት ተራራማውን የስኮትላንድ ሰሜን ነው።

ስሙም ሥራውም እውነት ሆኖ ተገኘ። ስለ ሃይላንዱ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከስኮትላንድ ሰው ጋር ተጋብተው ለልጆቻቸው የዚያኛውን ወገን ታሪክ ማግኘት ለሚፈልጉ ነው። ለባላባትና ለመኮንን ዘር የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቷል። የቆፋሪ፣ የሸማኔና የልብስ አጣቢ ዘር ፍለጋ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

መጀመሪያ ስለ ታርታን፣ ማለትም መስመሮቹ እየተሻገሩ አራት ማዕዘን ስለሚሠሩበት የስኮትላንዶች ጨርቅ፣ ልናገርና ይውጣልኝ። ለሠርጋችን ኪልት፣ ወንዶቹ የሚለብሱትን የታርታን ጉርድ፣ ስንገዛ ሻጩ የባለቤቴን የቤተሰብ ስም ኮምፒውተር ላይ ፈልጎ "የጎሳችሁ ጨርቅ ይኸውላችሁ" ብሎ ሸጠልን። እኔም አምኜው ነበር። እውነቱ ግን ለእያንዳንዱ የቤተሰብ ስም የራሱን ታርታን መስጠት በሰፊው የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንበርግን ሲጎበኝ ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮት ባዘጋጀው ድግስ ሁሉም ኪልት ለብሶ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ፋሽን ሆነ። ጨርቁ ያምራል። የዘር ማስረጃ ግን አይሆንም። ፍለጋውን ከጎሳ አለቃና ከቤተ መንግሥት ፍርስራሽ የሚጀምር ሰው የራሱን ዘመዶች ሳያገኝ ገንዘቡን ይጨርሳል።

የሚጀመረው በሕይወት ካሉት ሽማግሌዎች ነው። የባለቤቴ አክስት ሰማንያ አልፈዋል። ልጠይቃቸው ስሄድ የሰጡኝ መልስ ብዙ ስኮትላንዳዊ የሚሰጠው ዓይነት ነው፦ "ምን ይገኛል ብለሽ ነው ልጄ? ተራ ሰዎች ነበሩ።" "እኔም የምፈልገው ተራዎቹን ነው" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ፎቶ፣ የቀብር ደረሰኝና የአባታቸው የልደት ወረቀት ነበረበት። አባታቸው ማለት የባለቤቴ አያት ናቸው፤ የተወለዱት በ1907 ነው። ለመነሻ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

አንድ ምክር፦ ሽማግሌ ስትጠይቁ "ታሪካችሁን ንገሩኝ" አትበሉ። "እናትዎ ማንን ነበር ሁልጊዜ የሚያነሱት? ማን ቤት ነበር አዲስ ዓመት የምትውሉት? ማንን ነበር የማትጠይቁት?" በሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያወጣል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። እዚህ ላይ ስኮትላንድ ለፈላጊ ደግ አገር ናት። መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በግዴታ መመዝገብ የጀመረው በጥር 1 ቀን 1855 ነው። ካሣ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበት ዓመት መሆኑ ነው። መዝገቡ ሁሉ ዛሬ ስኮትላንድስ ፒፕል በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ስም ፈልጎ ዝርዝሩን ማየት ነፃ ነው። የወረቀቱን ምስል ለመክፈት ግን ይከፈላል። እኔ ስጠቀም አንድ ምስል 6 ክሬዲት ነበር፤ አንድ ፓውንድ ተኩል ያህል ማለት ነው። ለግላዊነት ሲባል ምስሉ በኢንተርኔት የሚታየው ልደት 100 ዓመት፣ ጋብቻ 75 ዓመት፣ ሞት 50 ዓመት ካለፈው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ኤድንበርግ ሄዶ ወይም ግላስጎው ሚቸል ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የቀን ክፍያ ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የዓመት ደንበኝነት የሚያስከፍሉት ትልልቆቹ የዘር ፍለጋ ድርጅቶች ማስታወቂያቸው ብዙ ነው። የስኮትላንድን የሕዝብ ቆጠራ የዋናዎቹን ገጾች ምስል ግን እነሱ ጋ አታገኙም፤ ያላቸው የተገለበጠ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ለስኮትላንድ ብላችሁ ደንበኝነት አትግዙ። በየምስሉ መክፈል ይረክሳል።

የስኮትላንድ ወረቀት ከእንግሊዝ የሚበልጠው እናትን ስለማይረሳ ነው። የልደት ወረቀት ላይ እናት ከማግባቷ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም ይጻፋል። ከ1861 ጀምሮ ደግሞ ወላጆቹ መቼና የት እንደተጋቡ ይጨመርበታል። የጋብቻ ወረቀት የአራቱንም ወላጆች ስም ይይዛል፣ የሞቱም ካሉ ይገለጻል። የሞት ወረቀት እንኳ የሟቹን አባትና እናት ስም ከእነ እናትየው የትውልድ ስም ይሰጣል። ሴት ደግሞ ስትሞት በአባቷም በባሏም ስም ማውጫው ላይ ትገኛለች። እኛ በአባታችን ስም ተጠርተን ለምንሞተው ሴቶች ይህ ብርቅ ላይሆን ይችላል፤ ለእንግሊዝ ዘር ፈላጊ ግን ቅንጦት ነው።

ሰዓትም ይጻፋል። የባለቤቴ አያት ልደት ላይ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚል አለበት። በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ይህን የሚያነብ ሐበሻ ኮከብ ቆጣሪ ቢኖር ደስ ይለው ነበር።

እንግዲህ ሰንሰለቱ እንዲህ ሄደ። የ1907ቱ ልደት ወላጆቹ በ1899 ላናርክሸር በሚባለው የግላስጎው ዙሪያ አውራጃ ውስጥ መጋባታቸውን ነገረኝ። የጋብቻውን ወረቀት ከፈትኩ። የሙሽራው አባት ከሰል ቆፋሪ፣ የሞተ። እናትየው ከእነ ትውልድ ስሟ አለች። የአያት አያታችን እሱ ነው። ከ1899 በፊት እንደሞተ በዚህ ታወቀ። የምፈልገው የሞቱን መዝገብ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። በላናርክሸር የእሱ ስም ያላቸው ሰዎች እንደ አሸዋ ናቸው። ስኮትላንዶች የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን በአባትየው አባት፣ ሁለተኛውን በእናትየው አባት ስም የመሰየም ልማድ ነበራቸው። የመጀመሪያዋ ሴት በእናትየው እናት ትሰየማለች። ስለዚህ በአንድ ሰፈር አራት የአጎት ልጆች አንድ ስም ይይዛሉ፤ አራቱም ቆፋሪዎች ናቸው። ልማዱ ለፍለጋ ፍንጭ ይሰጣል፤ ማስረጃ ግን አድርጋችሁ አትያዙት። የሚለየው የሚስት የትውልድ ስም ነው። የሞት ወረቀቱ ላይ "የእገሊት ባል" የሚለውን አይታችሁ ከጋብቻው ወረቀት ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ፣ ዕድሜውም ሰፈሩም ቢመሳሰል፣ ተዉት። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች የሰቀሏቸው የዘር ዛፎች አብዛኛው ችግራቸው ይኸው ነው። አንዱ የሌላ ሰው አያት ያስገባል፣ መቶው ይገለብጠዋል።

ስማቸው በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍም ሲስተሙ ላይ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። መጻፍ የማይችል ሰው ስሙን ይናገራል፣ መዝጋቢው እንደሰማው ይጽፋል። በስሙ መሃል ባለው አጠራጣሪ ፊደል ቦታ የኮከብ ምልክት ብታስገቡ ሁሉንም አጻጻፍ ያወጣላችኋል።

የሞተው በ1886 ነው፣ በ41 ዓመቱ። የሞቱ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ከጉድጓዱ ጣሪያ የወደቀ ድንጋይ ይላል። ከሰል ጉድጓድ ሲባል ሁላችንም ፍንዳታ ነው የሚታየን። ላናርክሸር ውስጥ ብላንታየር ላይ በጥቅምት 22 ቀን 1877 በደረሰው ፍንዳታ 207 ሰው ሞቷል፤ በስኮትላንድ የማዕድን ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ የለም። ቆፋሪዎችን በብዛት የጨረሰው ግን ይህ ዓይነቱ የትም የማይወራው አደጋ ነው። አንድ ድንጋይ ይወድቃል፣ አንድ ሰው ይሞታል። በማግስቱ ሥራ ይቀጥላል።

የሞት ወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ በትንሹ የተጻፈ ማስታወሻ ካያችሁ አትለፉት። የታረሙ ምዝገባዎች መዝገብ ወደሚባል ሌላ ቅጽ ይመራችኋል። ድንገተኛ ሞት ሲሆን ዐቃቤ ሕጉ አጣርቶ ውጤቱን ለመዝጋቢው ይልክ ነበር። የኛ ሰውዬ የሞተበት ቦታ፣ ሰዓቱና የጉድጓዱ ስም የተገኘው እዚያ ላይ ነው። የጉድጓዱን ስም ካወቃችሁ የመንግሥት የማዕድን ተቆጣጣሪዎች በየዓመቱ ያወጡት የነበረውን ሪፖርት ፈልጉ። በየጉድጓዱ የሞተውን ሰው ሁሉ ከእነ ምክንያቱ ይዘረዝራል። ከ1895 በኋላ በሥራ ላይ ለሞተ ሰው ደግሞ በሕግ የፍርድ ቤት ምርመራ ይደረግ ስለነበር፣ የምስክሮች ቃል ጭምር ልታገኙ ትችላላችሁ። እኛ ዘጠኝ ዓመት ቀደምን።

ወደ ኋላ ለመሄድ የሕዝብ ቆጠራውን ተጠቀምኩ። ከ1841 እስከ 1921 በየአሥር ዓመቱ የተደረገው ለሕዝብ ክፍት ነው። በ1841 የአዋቂዎቹን ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ያጠጋጉት ነበር፤ 34 ዓመት የሆነው ሰው 30 ተብሎ ይጻፋል። ዕድሜ አልገጠመም ብላችሁ እንዳትጥሉት። ከ1861 ጀምሮ መስኮት ያላቸው ክፍሎች ስንት እንደሆኑ ይጠየቃል። እኔ ከቆጠራው ሁሉ የምወደው ይህን ዓምድ ነው። የ1881ዱ ቆጠራ ላይ ሰውየውን ከሚስቱ፣ ከአምስት ልጆቹና ከሁለት ደባሎች ጋር አገኘሁት። መስኮት ያላቸው ክፍሎች፦ ሁለት። አድራሻው ከከሰል ኩባንያው ረድፍ ቤቶች አንዱ ነው። ደባሎቹም ቆፋሪዎች ናቸው። ሚስትየው ሥራ የላትም ይላል መዝገቡ። ዘጠኝ ሰው የምታበላ፣ የሦስት ቆፋሪ ልብስ የምታጥብ ሴት!

ያ ረድፍ ቤት ዛሬ የለም። የት እንደነበር ማየት ግን ይቻላል። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የካርታ ድረ ገጽ በነፃ የሚገኝ ትልቅ ሀብት ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝርዝር ካርታ ላይ የዛሬውን የሳተላይት ፎቶ ደርባችሁ ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ትችላላችሁ። ረድፉ፣ ጉድጓዱ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የውሃ ቧንቧው ቦታ ሳይቀር ይታያል። ባለቤቴ ልጅ ሆኖ ኳስ የተጫወተበት ሜዳ ከዚያ ጉድጓድ ብዙም አይርቅም። ቤቶቹን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ኮትብሪጅ ያለው የሰመርሊ ሙዚየም ውስጥ የማዕድን ሠራተኞች ረድፍ በየዘመኑ አኗኗር ተዘጋጅቶ ይታያል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

በየዓመቱ የወጣ የቤት ግምት መዝገብም አለ፤ ባለቤቱን፣ ተከራዩንና ኪራዩን ይጽፋል። ለድሃ ቤተሰብ ግን ብዙ አይረዳም። ኪራዩ በዓመት ከ4 ፓውንድ በታች ከሆነ የተከራዩ ስም ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድሃ ሰው ስለራሱ አይጽፍም። ማስታወሻ የለውም፣ ደብዳቤ የለውም፣ ኑዛዜ የለውም። የሚጽፍለት ሌላ ሰው ነው። ያም ሰው በረጅሙ የሚጽፈው ገንዘብ የሚያስወጣው ነገር ሲመጣበት ነው። ስለዚህ የድሃን ሰው ታሪክ የምትፈልጉ ከሆነ "ለዚህ ሰው ማን መክፈል ነበረበት?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔን ከስምና ከቀን አውጥቶ ወደ ሰዎቹ ያደረሰኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ባልየው ሲሞት ሚስትየው ምን ሆነች? ቤቱ የኩባንያው ነው። የሚሠራ ወንድ ከሌለ ቤትም የለም። ከብላንታየር ፍንዳታ በኋላ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ሳይቀሩ ከኩባንያው ቤት እንዲወጡ ተደርገዋል። ካሣ የሚባለውም ገና ነበር። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋቱ ባይረጋገጥም እንዲከፍል ያስገደደው ሕግ የወጣው በ1897 ነው። በ1891 ቆጠራ ሴትየዋን ግላስጎው ከተማ አገኘኋት። ሥራዋ ልብስ አጣቢ ነው። አራት ልጆች አብረዋት አሉ። መስኮት ያለው ክፍል፦ አንድ።

በዚያን ጊዜ ግላስጎው ውስጥ ትንንሽ ቤቶች በራቸው ላይ የብረት ምልክት ይለጠፍባቸው ነበር፤ ስንት ሰው ማደር እንደሚፈቀድ የሚገልጽ። ሕጉ የ1862 ነው። ተቆጣጣሪዎች በሌሊት እያንኳኩ ይቆጥሩ ነበር። ትርፍ ደባል ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይደብቃል።

ብቻዋን፣ ከአራት ልጅ ጋር፣ በአጣቢነት ገቢ። እርዳታ ሳትጠይቅ አልቀረችም ብዬ አሰብኩ። ሚቸል ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የግላስጎው ከተማ ቤተ መዛግብት እዚያው ነው፤ የግላስጎውና የአካባቢው ሰበካዎች የድሆች እርዳታ ማመልከቻዎች የተቀመጡት እዚያ ነው። ከ1845 ጀምሮ በስኮትላንድ እያንዳንዱ ሰበካ የራሱን ድሆች የመርዳት የሕግ ግዴታ ነበረበት። ሥራ ፈት የሆነ ጤነኛ ሰው ግን መብት አልነበረውም። ስለዚህ እዚያ መዝገብ ውስጥ የምታገኙት በሽተኛን፣ ሽማግሌን፣ ባሏ የሞተባትን፣ ባሏ ጥሏት የሄደባትን፣ ወላጅ አልባ ልጅን ነው።

እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። እስክሪብቶ አይፈቀድም። የንባብ ክፍሉ ሠራተኞች ማውጫውን ያሳዩአችኋል፤ ስም፣ ግምታዊ ዕድሜና ሰበካ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ብዙ አያስቸግርም።

ተገኘች። አንድ ገጽ ሙሉ። የድሆች ተቆጣጣሪው ቤቷ ድረስ ሄዶ የጻፈው ነው። መቼ እንዳመለከተች፣ መቼ እንደጎበኛት፣ የተወለደችበት ቦታ፣ የአባቷና የእናቷ ስም፣ የተጋባችበት ቀንና ቄሱ፣ የባሏ አሟሟት፣ የልጆቿ ስምና ዕድሜ፣ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ። ከዚያ ደግሞ የኖረችባቸው ቤቶች ዝርዝር፤ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ አከራዩ ማን እንደነበር ጭምር። የቀብር ማኅበር አባል መሆኗም ተጽፏል። እድር በሉት፤ ያንን መዋጮ ድሃው ሁሉ ከምግቡ ቆርጦ ይከፍል ነበር፣ በሰበካ ወጪ መቀበር ትልቅ ውርደት ነውና።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለእሷ ታዝኖ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። ሰበካው ሊከፍል የሚገደደው ሰውየው እዚያ አምስት ዓመት ያለ እርዳታ ከኖረ ነው። ካልኖረ ወጪው ቀድሞ ለኖረበት ወይም ለተወለደበት ሰበካ ይተላለፋል። አየርላንድ ተወልዶ እዚህ መብት ያላገኘ ሰው ተጭኖ ወደ አየርላንድ ሊመለስ ይችላል። ተቆጣጣሪው እያንዳንዱን አድራሻ የመዘገበው ሂሳቡን የሚጥልበት ሌላ ሰበካ ሲፈልግ ነው። የሰበካዎቹ ንፉግነት ነው ለእኛ የሕይወት ታሪክ ያተረፈልን።

ከገጹ ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው የመጀመሪያው ልጅ የባልየው አለመሆኑ ነው፤ ከጋብቻ በፊት ከሌላ ሰው የተወለደ። እስከ 1919 ድረስ እንዲህ ያለ ልጅ የልደት መዝገቡ ላይ ሕጋዊ ያልሆነ ተብሎ ይጻፍበት ነበር። የአባትየው ስም የሚገባው ከእናትየው ጋር መጥቶ ሲፈርም ብቻ ነው። ካልመጣ ቦታው ባዶ ይቀራል። አባቱን መፈለግ የሚፈልግ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጉባኤን ቃለ ጉባኤ ይመልከት። ያላገቡ እናቶችን እያስቀረቡ "አባቱ ማነው?" ይሉ ነበር፣ መልሱም ይጻፋል። ብዙው በስኮትላንድስ ፒፕል ላይ ያለ ክፍያ ይነበባል። ማውጫ ግን ስለሌለው ገጽ በገጽ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ሃይላንድን ያፈረሰው ነው። ተቆጣጣሪው ባልየው የተወለደበትን አየርላንድ፣ ካውንቲ ዳውን ብሎ ከእነ ሰበካው ጽፎታል። ቆጠራው ላይ "አየርላንድ" ብቻ ነበር የሚለው። በአየርላንድ ዘር ፍለጋ ሰበካውን ካላወቃችሁ የትም አትደርሱም፤ ይህን የሚሰጣችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የድሆች ማመልከቻው ነው። በልጅነቱ ነው ከወላጆቹ ጋር የተሻገረው፣ በ1840ዎቹ አየርላንድን ከመታው የድንች ረሃብ በኋላ። በ1861 ቆጠራ ኮትብሪጅ አካባቢ አለ፣ ገና ጢም ያላበቀለ የብረት ማዕድን ቆፋሪ። በ1842 የወጣው ሕግ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶችን ከጉድጓድ ከልክሏል፤ ከ10 በላይ ያለው ግን ይወርዳል። ጋብቻው ላይ ስሙን አልጻፈም። የመስቀል ምልክት አድርጎ መዝጋቢው ጎኑ ላይ "ምልክቱ" ብሎ ጽፎለታል። የግዴታ ትምህርት የመጣው በ1872 ነው፤ ለእሱ አልደረሰለትም። ልጆቹ ግን ሁሉም በእጃቸው ፈርመዋል።

ለአክስት ሁለቱንም ነገርኳቸው። ስለ ልጁ "ይህንን ለእናቴ ደፍሬ አልነግራትም ነበር" ብለው ሳቁ። አየርላንዱ ነው ያስደነገጣቸው። ግላስጎው ውስጥ አየርላንዳዊ ሲባል ካቶሊክ ነው የሚታሰበው፤ ቤተሰቡ ግን ፕሮቴስታንት ነው፣ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ስለ አየርላንድ ሰው የሚሰነዝሩት ነገር አለ። ቆይተው "ኪልቱንስ ምን ልታደርጉት ነው?" አሉኝ። ባለቤቴ አሁንም ይለብሰዋል፤ ከፍለንበታል።

ከ1855 በፊት ስለሚሄድ ሰው በአጭሩ፦ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የድሮ ሰበካ መዝገቦች አሉ፣ ጥንታዊው ከ1553 ይጀምራል። ግን ጎዶሎ ናቸው። ማስመዝገብ ገንዘብ ይጠይቅ ስለነበር ድሃው ይተወዋል። የካቶሊኮቹ መዝገብ ለብቻው ነው፣ እሱም እዚያው ድረ ገጽ ላይ አለ። ቆፋሪ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ እስከ 1799 ድረስ የስኮትላንድ ከሰል ቆፋሪዎች በሕግ ከጉድጓዱ ጋር የታሰሩ ነበሩ። ጌታው ሳይፈቅድ መሄድ አይችሉም፤ ጉድጓዱ ሲሸጥ አብረው ይተላለፋሉ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቤተሰቡ ቦታ አይቀይርም፤ ስማቸው የባለ ርስቱ ቤተሰብ ሰነዶች ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ወደ አየርላንድ የሚሻገር ሰው የ1864 እና ከዚያ ወዲህ ያለውን ምዝገባ በአየርላንድ መንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ያያል። ከዚያ በፊት ያለው ከባድ ነው፤ በ1922 ደብሊን የነበረው ቤተ መዛግብት ሲቃጠል የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ቆጠራዎች አብዛኛው ወድሟል። ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው የመሬት ግምት ተርፏል፤ እኔም አሁን እሱ ላይ ነኝ።

ከአዲስ አበባ ወይም ከቨርጂኒያ ሆኖ ይሄ ይቻላል ወይ ላላችሁኝ፦ ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት፣ ቆጠራና ካርታው ሙሉ በሙሉ ከቤት ይሠራል። የድሆች ማመልከቻውን ግን አንድ ሰው ሄዶ መክፈት አለበት። ዘመድ ከሌላችሁ ለቤተ መዛግብቱ ኢሜይል ጻፉ፤ በክፍያ ፈልገው ቅጂ የሚልኩ አሉ። ስትጽፉ ረጅም የቤተሰብ ታሪክ አትላኩላቸው። የሴትየዋን የባልና የትውልድ ስም፣ የተወለደችበትን ዓመት ግምት፣ ባሏ የሞተበትን ዓመትና የመጨረሻ አድራሻዋን ብቻ በአራት መስመር አስፍሩ።